«ዕድሜውን ጨርሷል» ስለተባለ የመሃል ከተማ ሕንፃ

ጥያቄ፦ «በከተማችን መሃል፣ ዋናው መንገድ ዳር፣ ከታች ሱቆች ከላይ መኖሪያ የነበረበት ባለ ሁለት ፎቅ የድንጋይ ሕንፃ አለ። ከ90 ዓመት በላይ ሆኖታል። ግድግዳው ተሰነጣጥቋል፣ ጣሪያው ያፈስሳል፤ ያየው መሐንዲስም “ዕድሜውን ጨርሷል” ብሎ ጽፏል። አልሚው የፊት ግድግዳውን ብቻ አስቀርቶ ከጀርባው ባለ 14 ፎቅ ለመሥራት ጠይቋል፤ ይህ ካልተፈቀደለት ደግሞ ድንጋዩን ቁጥር እየሰጠ ፈትቶ ሌላ ቦታ መልሶ እንደሚገነባው ቃል ገብቷል። ያደግሁበት ሰፈር ስለሆነ ሲፈርስ ማየት ያመኛል፤ ሆኖም የእኔ ነገር ናፍቆት ብቻ እንዳይሆን እፈራለሁ። በሕንፃው ስመ ጥር ሰው አልኖረበትም፣ በቅርስነትም አልተመዘገበም። ከሁለቱ አማራጮች የትኛው ይሻላል?»

ምላሽ፦ ከሁለቱ የሚሻል የለም። ሁለቱም አማራጮች የቆሙት «ዕድሜውን ጨርሷል» በሚል ሐረግ ላይ ነው፤ ይህ ሐረግ ደግሞ የምርመራ ውጤት ሳይሆን ከምርመራ ድካም የሚገላግል አባባል ነው። የድንጋይ ግንብ እንደ መድኃኒት የማብቂያ ቀን አይጻፍበትም። የሚያልቁት የሕንፃው ክፍሎች ናቸው፤ እነሱም በየራሳቸው ጊዜ ያልቃሉ፦ የጣሪያው ክዳን፣ አሸንዳው፣ ግድግዳ ውስጥ የተቀበሩት የወለል ተሸካሚ እንጨቶች ጫፍ፣ ልስኑ፣ የውኃ ቧንቧውና የኤሌክትሪክ መስመሩ። እነዚህ ሁሉ ከመጀመሪያውም ሊለወጡ ታስበው የገቡ ናቸው። መሐንዲሱ ሊጽፍ ይገባ የነበረው የትኛው ክፍል እንደተጎዳ፣ ያ ክፍል ምን ያህል ጭነት እንደሚሸከም፣ ጉዳቱ ከምን እንደመጣና አሁንም እየቀጠለ መሆን አለመሆኑን ነው። እነዚህ ያልተመለሱበት ሰነድ ለማፍረስም ሆነ ለመጠገን መነሻ ሊሆን አይችልም።

ስንጥቅ መኖሩ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ይህን ያህል ዘመን የቆመ ግንብ ስንጥቅ ባይኖርበት ነበር የሚገርመው፤ በተሠራ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መሠረቱ ሲደላደል ተከፍቶ ከዚያ ወዲህ ምንም ያልተነቃነቀ ስንጥቅ በብዙ አሮጌ ሕንፃዎች ላይ ይገኛል። የሚያሰጋው እየሰፋ የሚሄደው ሲሆን፣ ይህም በአንድ ቀን ጉብኝት አይታወቅም። ቀላሉና የቆየው መንገድ ስንጥቁን የሚያቋርጥ፣ መዳፍ የሚያክል ቀጭን የጂፕሰም (የጀሶ) ማኅተም ለጥፎ ቀኑን በእርሳስ መጻፍ ነው፤ ጂፕሰም ስለማይለጠጥ ግድግዳው ጥቂት እንኳ ከተንቀሳቀሰ ማኅተሙ ላይ ፀጉር የመሰለ መስመር ይወጣል። በአንድ ወቅት እንዲፈርስ በተወሰነበት ሕንፃ ላይ 11 ማኅተሞች ለጥፌ ነበር። እርጥቡና ደረቁ ወቅት አልፎ ስመለስ የተሰነጠቁት ሁለቱ ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም ከአንድ የአሸንዳ መውረጃ ግራና ቀኝ ነበሩ። መውረጃው ከመሬት በታች ተሰብሮ የጣሪያውን ውኃ ለዓመታት መሠረቱ ሥር ሲያፈስ ኖሯል። መስመሩ ተቀየረ፣ አፈሩ እስኪደርቅ ተጠበቀ፣ ስንጥቁ በኖራ ተሞላ። ግድግዳው ዛሬም ቆሟል።

የእርስዎም ሕንፃ ጣሪያው የሚያፈስስ ከሆነ ምርመራው መጀመር ያለበት ከዚያው ነው፤ የድሮ ግንብ ትልቁ ጠላት ውኃ ነውና። ከላይ የሚገባው ውኃ የእንጨቶቹን ጫፍ ያበሰብሳል፤ የበሰበሰው ጫፍ ወለሉን ይለቅቃል፤ ወለሉ ሲለቅቅ ግድግዳውን በጎን ይዞት የነበረው ነገር ይጠፋና ግድግዳው ወደ ውጭ ማበጥ ይጀምራል። ከታች የሚወጣው እርጥበት ደግሞ ጨው ይዞ ይመጣል፤ ጨውም ድንጋዩ ገጽ ላይ ሲደርቅ እየተጠጣጠረ ድንጋዩን እንደ ቅርፊት ይልጠዋል። አብዛኛውን ጊዜ ይህን ጉዳት የሚያባብሰው ሕንፃውን «ለማዳን» የተደረገ ጥገና ነው። የዚያ ዘመን ግንብ በብዛት የተያያዘው በኖራ ነው፤ ኖራ ከድንጋዩ ይልቅ ለስላሳ ነው፣ እርጥበትንም ያስተነፍሳል፣ በመሆኑም እንቅስቃሴውንም ጨውንም ተቀብሎ ከድንጋዩ በፊት የሚያረጀው እሱ ነው። ይህ ጉድለት ሳይሆን ሥራው ነው። በኖራው ቦታ ሲሚንቶ ሲገባ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ጠንካራውና ውኃ የማያሳልፈው ሲሚንቶ ይቀርና በመካከሉ ያለው ድንጋይ ይበላል። ሕንፃውን በቅርብ የማየት ዕድል ካገኙ መጋጠሚያዎቹን በአውራ ጣትዎ ዳብሷቸው፤ ግራጫው መስመር ወደ ውጭ ወጥቶ ድንጋዩ በዙሪያው ወደ ውስጥ ከጎደጎደ፣ እየተመለከቱ ያሉት የዕድሜን ሳይሆን የተሳሳተ ጥገናን ውጤት ነው። ልስኑንም በጣትዎ አንጓ ሲያንኳኩት ባዶ ጣሳ የመሰለ ድምፅ የሚሰጥበት ቦታ ከግድግዳው የለቀቀበት ነው፤ እሱም ቢሆን ግድግዳው ወድቋል ማለት አይደለም።

ይህን ስል ሁሉም ሕንፃ ይድናል ማለቴ አይደለም። የእኛ፣ የአሮጌ ሕንፃ ጥበቃ ሙያ ሰዎች ይህን በግልጽ ባለመናገራቸው አመኔታ ያጡበት ጊዜ ብዙ ነው። በብረት የተጠናከረ የኮንክሪት ክፍል ያላቸው ሕንፃዎች ከድንጋዩ ይልቅ ያስቸግራሉ፤ አየር ወደ ኮንክሪቱ ዘልቆ ብረቱ መዛግ ሲጀምር ዝገቱ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይፈነቅለዋል፤ ይህ በሕንፃው ሁሉ ከተስፋፋ የጥገናው ወጪ ምክንያታዊ የማይሆንበት ደረጃ ይደርሳል። የመሬት መንቀጥቀጥ በሚያሰጋቸው አካባቢዎችም የብረት ማያያዣ የሌለው ግንብ በእውነት አደገኛ ነው። ግድግዳውን ከወለልና ከጣሪያ ጋር በብረት በማሰር አደጋውን በጣም መቀነስ ይቻላል፤ ነገር ግን ይህ ወጪ ያለው ሥራ ስለሆነ ሳይሠራ ሰው ማስገባት አይገባም። እርስዎ ከገለጹት ብቻ ተነሥቼ ሕንፃዎ ይድናል ብዬ መፍረድ አልችልም፤ መፍረድ የሚቻለው እስካሁን የቀረበው ማስረጃ ለማፍረስ እንደማይበቃ ነው።

አሁን ወደ አልሚው የመጀመሪያ ሐሳብ እንለፍ። የፊት ግድግዳን አስቀርቶ የቀረውን ማፍረስ ለውይይት ሲቀርብ የስምምነት መንገድ ይመስላል፤ አንዱ ወገን መልኩን፣ ሌላው ወገን ቦታውን ያገኛል። በተግባር ግን የሚቀረው ሕንፃ ሳይሆን የሕንፃ ጭንብል ነው። የድሮ ሱቅ ከመንገዱ ጋር የሚነጋገረው በፊቱ ብቻ አይደለም፤ በጥልቀቱ፣ በመካከል ባለው ግቢ፣ ስንት ሺህ እግር ረግጦ መካከሉን ባጎደጎደው የደረጃ እርከኑ፣ ከላይ በሚኖር ሰው የመስኮት ብርሃን ጭምር ነው። በዚያ ላይ የአሮጌውና የአዲሱ ሕንፃ የፎቅ ከፍታ አይገጥምም፤ በዚህ መንገድ በተሠሩ ሕንፃዎች ፊት ምሽት ላይ ቢቆሙ የአዲሱ ወለል ኮንክሪት የድሮውን መስኮት በመካከሉ አቋርጦት ሲያልፍ፣ ከላይ የአንዱ ቢሮ ጠረጴዛ እግር ከታች የሌላው ቢሮ ኮርኒስ በአንድ መስኮት ሲታይ ያገኙታል። የምህንድስና ችግሩም ቀላል አይደለም። የፊት ግድግዳው ብቻውን እንዲቆም የተሠራ አይደለም፤ የያዙት ከጀርባው ያሉት ወለሎችና አቋራጭ ግድግዳዎች ናቸው። እነሱ ሲነሡ በብረት ምሰሶ ተደግፎ መሠረቱ አጠገብ ለ14 ፎቅ የሚሆን ጉድጓድ እስኪቆፈርና እስኪሞላ ድረስ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይቆያል። በሥራው መካከል «አደገኛ ሆነ» ተብሎ ግድግዳውም ቢፈርስ ማንም አይደነቅ።

ሁለተኛው ተስፋ ከመጀመሪያው ይልቅ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም የሚታመን ይመስላል። (በዚህ ምላሽ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በብራስልስ በአርክቴክት ቪክቶር ኦርታ ተነድፎ በ1899 የተመረቀው «የሕዝብ ቤት» የተባለው ሕንፃ በ1965 ሲፈርስ፣ ክፍሎቹ ተፈትተው ሌላ ቦታ መልሰው እንደሚተከሉ ተነግሮ ነበር። አልተተከሉም፤ በየመጋዘኑና በየሜዳው ተበታትነው ብዙዎቹ ዛጉ፣ ጠፉ። ለንደን ውስጥ የዩስተን ባቡር ጣቢያ መግቢያ የነበረው ትልቁ የድንጋይ ቅስት በ1961 እና በ1962 ፈርሶ ከድንጋዮቹ ብዙዎቹ የወንዝ ወለል መሙያ ሆነው በ1994 ከውኃ ውስጥ ተገኝተዋል። በእርግጥ ተነቅሎ የተተከለ የለም አልልም፤ በፓሪስ የሌዛል ገበያ አርክቴክት ባልታር ከነደፋቸው የብረት አዳራሾች አንዱ በ1970ዎቹ ከከተማው ወጣ ብላ ወደምትገኘው ኖዣን ሱር ማርን ተወስዶ እስከ ዛሬ ያገለግላል። ከእርስዎ ሕንፃ የሚለየው ግን አሠራሩ ነው፤ ብረት በብሎን ተይዞ የተገጣጠመ ስለሆነ በብሎን ይፈታል። የድንጋይ ግንብ ግን ከውጭ የሚታየው የተጠረበ ድንጋይ ቁጥር ቢሰጠውም፣ ውስጡ በኖራና በደቃቅ ድንጋይ የተሞላ ስለሆነ ሲፈታ ወደ ክምር ይለወጣል። ሌላ ቦታ የሚቆመው የድሮውን ልብስ የለበሰ አዲስ ሕንፃ ነው። ደግሞም የመሃል ከተማ ሱቅ ከመንገዱ ማዕዘን ከተለየ ግማሽ ትርጉሙን እዚያው ጥሎት ይሄዳል።

ናፍቆት ብቻ እንዳይሆን ስለፈሩት ነገር፦ ናፍቆቱ ይኑር፤ ከሱ በተጨማሪ ግን ሊቆጠርና ሊመዘን የሚችል ጥቅም አለ። የኦስትሪያው የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር አሎይስ ሪግል በ1903 የአንድን አሮጌ ሥራ ታሪካዊ ዋጋ ከዕድሜ ዋጋው ለይቶ አስቀምጦት ነበር። ታሪካዊ ዋጋ ዕውቀት ይጠይቃል፤ ማን ሠራው፣ ምን ተፈጸመበት የሚል ነው። የዕድሜ ዋጋ ግን ማንም አላፊ አግዳሚ ያለ አስተማሪ የሚያየው፣ ጊዜ በድንጋዩ ላይ የተወው ምልክት ነው። እርስዎ «ስመ ጥር ሰው አልኖረበትም» ሲሉ የጠየቁት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሦስተኛም አለ፤ የመንገዱ ዋጋ። አንድ ረጅም ሕንፃ ወደ መንገድ የሚያወጣው አንድ ሰፊ መግቢያና የመኪና ማቆሚያ በር ሲሆን፣ በዚያው ርዝመት የተደረደሩ ጠባብ ሱቆች አሥርና አሥራ አምስት በር ያወጣሉ፤ ሰው የሚራመደውም በር ባለበት መንገድ ነው። አሮጌ ሕንፃ የግንባታ ዕዳውን ከፍሎ የጨረሰ ስለሆነ ኪራዩ አነስተኛ ካፒታል ላለው ሥራ ይመቻል፤ ሰዓት ጠጋኙ፣ ልብስ ሰፊውና መጽሐፍ ሻጩ በአዲሱ ሕንፃ ምድር ቤት የማይመለሱት የሙያ ጉድለት ኖሮባቸው አይደለም። ሲሚንቶውና ብረቱ ሲመረት የሚወጣውን ጭስም ይደምሩ፤ የቆመው ግድግዳ ያንን ዕዳ የዛሬ 90 ዓመት ከፍሎታል።

«በቅርስነት አልተመዘገበም» የሚለውንም ማረም ያስፈልጋል። መዝገብ ዋጋን አይፈጥርም፣ አስቀድሞ ያለውን ዋጋ ነው የሚያውቀው፤ ያውም ብዙ ጊዜ ዘግይቶ። ኒውዮርክ በ1910 የተከፈተውን የፔንሲልቬንያ ባቡር ጣቢያ ከ1963 ጀምሮ ስታፈርስ የሚከለክላት ሕግ አልነበራትም፤ የቅርስ ሕጓን ያጸደቀችው በ1965 ነው። በሌላ በኩል መመዝገብ ዝናብ አይከለክልም። የዛንዚባር የድንጋይ ከተማ በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ብትገባም፣ በ1883 የተሠራውና የከተማዋ መለያ የነበረው የድንቆች ቤት ዲሴምበር 25 ቀን 2020 እድሳት ላይ እያለ በከፊል ተደርምሶ ሁለት ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ ምዝገባውን ይጠይቁ፤ ነገር ግን ወረቀቱን ከአሸንዳው አታስቀድሙት።

የጉዳዩ ሥር ግን ግድግዳው ላይም መዝገቡ ላይም አይደለም። በቦታው ላይ የተፈቀደው የፎቅ ብዛት ነው። በአንድ ይዞታ ላይ ባለ ሁለት ፎቅ ቆሞ ሕጉ 14 ሲፈቅድ፣ ባለንብረቱ በየቀኑ 12 ፎቅ እየከሰረ ያለ ይመስለዋል፤ ከዚያ በኋላ አሸንዳ ማስጠገን ሞኝነት ይሆንበታል፣ ጣሪያው ቢያፈስስም አይከፋውም። ብዙ ሕንፃ «ዕድሜውን የሚጨርሰው» በዚህ መንገድ ነው። ባለንብረቱን በስግብግብነት መክሰስ ቀላል ነው፤ ሆኖም ስሌቱን የሰጠው ራሱ ከተማው ነው። ለዚህ የተሞከረ መፍትሔ አለ። ኒውዮርክ ውስጥ የግራንድ ሴንትራል ጣቢያ ባለቤት ከጣቢያው በላይ የቢሮ ማማ እንዳይሠራ ሲከለከል ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በ1978 ስድስት ዳኞች በሦስት ላይ ለከተማው ፈረዱ፤ ባለቤቱ ያልተጠቀመበትን የመገንባት መብት በአቅራቢያው ወዳሉ ሌሎች ይዞታዎች ማዛወር መቻሉ ከተመዘኑት ነጥቦች አንዱ ነበር። እንዲህ ያለ ደንብ ባለበት ከተማ 12ቱ ፎቆች አይጠፉም፣ ቦታ ይለውጣሉ። ደንቡ በሌለበት ደግሞ ቢያንስ የከፍታ ገደቡን በየሕንፃው ሳይሆን ለመንገዱ በሙሉ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ አንድ ቤት ብቻውን ተከልክሎ ጎረቤቱ ሲፈቀድለት ጥበቃው ቅጣት ይሆናል።

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ መግባት አለበት። ታድሶ ያማረ ሰፈር ኪራዩ ይንርና ነዋሪዎቹን ያስወጣል፤ ድንጋዩ ይቀራል፣ ሰዎቹ ይሄዳሉ። የጣሊያኗ የቦሎኛ ከተማ በ1969 ለታሪካዊው መሃል ከተማዋ ባወጣችው ፕላን፣ በተከታዮቹም ዓመታት በወሰደችው እርምጃ አሮጌ ቤቶችን በሕዝብ ገንዘብ አድሳ ነባር ነዋሪዎች በዚያው እንዲኖሩባቸው ለማድረግ ጥራለች፤ ያሰበችው ሁሉ ባይሳካም እድሳትና መፈናቀል ተያይዘው የሚመጡ ዕጣዎች እንዳልሆኑ አሳይታለች። ስለሆነም ለሕንፃው ስትከራከሩ የተከራዮቹን ውል ከክርክሩ አታውጡት።

ምክሬ የሚከተለው ነው። የፊት ግድግዳ ማስቀረቱንም ፈትቶ መውሰዱንም ተቃወሙ፤ ሕንፃው ባለበት ተጠግኖ ሥራ ላይ እንዲውል፣ ተጨማሪ ስፋት ካስፈለገ ደግሞ ከጀርባ፣ ከመንገድ ላይ የማይገዝፍ አዲስ ክንፍ እንዲቀጠልለት ጠይቁ። አዲሱ ክንፍ የድሮውን መስሎ መሠራት የለበትም፤ የታሪካዊ ሕንፃዎች ጥገና ዓለም አቀፍ መመሪያ የሆነው የ1964ቱ የቬኒስ ቻርተር የጎደለውን የሚተካ ክፍል ከጠቅላላው ጋር ተስማምቶ ነገር ግን ከነባሩ የሚለይ እንዲሆን፣ እድሳትም ግምት በሚጀምርበት ቦታ እንዲቆም ያዘዘው ተመልካች እንዳይታለል ነው። ለዚህ ጥያቄ ክብደት የሚሰጠው የእርስዎ ስሜት ሳይሆን ሁለተኛ ምርመራ ነው፤ ከአልሚው ክፍያ የማይቀበል፣ በግንብና በኖራ ሥራ ልምድ ያለው መሐንዲስ ይፈለግ። ባለንብረቱ ከፈቀደ ምርመራው እስኪያልቅ ጣሪያው ላይ ሸራ ይወጠር፣ አሸንዳው ይጠረግ፣ በረንዳው ሥር የሚያልፍ ሰው እንዳይጎዳ ከለላ ይደረግ። ይህን ሥራ ለጥቂት ቀን በጥቂት ሰው መጨረስ ይቻላል፤ ሳይሠራ የቀረበት እያንዳንዱ የዝናብ ወቅት ግን የአልሚውን ክርክር ያጠናክራል። ከዚሁ ጎን ሕንፃው ከነውስጡ በልኬትና በፎቶግራፍ ይመዝገብ፤ የበር እጀታው፣ የደረጃው መደገፊያ፣ ከቀለሙ ሥር ያለው የድሮ የሱቅ ጽሑፍ ሳይቀር። የተመዘገበ ነገር አይድን ይሆናል፤ ያልተመዘገበ ነገር ግን ከፈረሰ በኋላ አልነበረም ይባላል።

ምርመራው ሕንፃው በእርግጥ የማይጠገን ሆኖ ካገኘው ደግሞ ውጤቱን ተቀበሉ። ያን ጊዜ የምትታገሉት ለቅደም ተከተሉ ይሁን፦ የአዲሱ ግንባታ ፈቃድ ሳይወጣና ገንዘቡ መኖሩ ሳይረጋገጥ የማፍረሻ ፈቃድ አይሰጥ። በብዙ መሃል ከተማዎች አሮጌው ሕንፃ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ይፈርስና በማኬቱ (በትንሹ የሕንፃ ሞዴል) ላይ የታየው ማማ ሳይመጣ ቦታው ለዓመታት በቆርቆሮ ታጥሮ የመኪና ማቆሚያ ሆኖ ይቀራል።